የሉባባ ነጭ ዳቦ

ስለ ሉባባ ክፉ የሚያወራ ሰው በእኔ ሱቅ በኩል ባያልፍ ይሻለዋል። ዓለምሸት ነገረኛ ናት ይሉኛል፤ ነኝ። ከሉባባ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ተለያይተን ኖረናል፤ እኔ ከሱቄ ዱቄትና ዘይት እየሸጥኩ፣ እሷ አስፋልቱ ዳር ሳምቡሳና ፓስቲ እየጠበሰች። አንዳችን የሌላችንን ሳል እንኳ እንለያለን። ስለዚህ «ልጇን በምግብ የጨረሰች» የሚለውን ወሬ መንገድ ላይ የሰማችሁ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ዱቄቱን የሸጠላት ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ሉባባ የተወለደችው ከከተማችን ከጭሮ ወጣ ብላ በምትገኘው መሰላ፣ ከገበሬ ቤት ነው። ሰባት ዓመቷ ላይ ዝናብ ቀረ፤ ማሽላው ሳያፈራ አገዳው ደርቆ ቆመ። በዚያ ዓመት ታናሽ ወንድሟ ሞተ። እሷም ልትከተለው ስትል የእርዳታ ስንዴ በከባድ መኪና መጣ። እናቷ ቀቅላ በጣቷ እየቆነጠረች አጎረሰቻት። ያ የተቀቀለ ስንዴ ጥርሷ ስር ሲፈርጥ የተሰማት ጣዕም እስከ ዛሬ እንዳልጠፋት ትነግረኝ ነበር። «እትዬ ዓለም፣ ያተረፈኝ አላህ ነው፤ ሰበቡ ግን ስንዴ ነው» ትላለች።

በአሥራ አራት ዓመቷ ጭሮ መጥታ፣ የአዲስ አበባና የሐረር ሾፌሮች ቁርስ የሚበሉበት አንድ ምግብ ቤት ተቀጠረች። ሊጥ ማቡካትና ሳምቡሳ መጠቅለል የተማረችው እዚያ ነው። ባለቤቱ ለደንበኛ ነጭ ዳቦ፣ ለሠራተኛ የማሽላ እንጀራ ነበር የሚያቀርበው። አንድ ቀን ከደንበኛ የተረፈ ዳቦ ስትቀምስ አየና በሰው ፊት አዋረዳት። የዚያን ቀን «እኔ የምወልዳቸው ልጆች ነጭ ነው የሚበሉት» ብላ ማለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ እቀልድባት ነበር። አሁን ያ ቀልድ ያንገበግበኛል።

ደግሞ እኮ እሷ ብቻ አይደለችም። ይህን ሁሉ የሐረርጌ ሕዝብ ቀጥ አድርጎ የሚያኖረው ማሽላ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ግን እንደብቀዋለን። ማሽላ የጉልበት ሠራተኛ፣ ነጭ ዳቦ የእንግዳ፣ የሕፃንና የበሽተኛ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ሆስፒታል በሽተኛ ልጠይቅ ብሎ ማሽላ ይዞ የሄደ ሰው አይታችኋል? ብስኩትና ዳቦ ይዘን እንሄዳለን፤ ለስላሳ ነው፣ ሆድ አይጎረብጥም እንላለን።

ባሏ በክሪ የጫት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት የሚገኘው ዓርብ ዓርብ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሹክሪያ ጡት ላይ ሳለች ጉንጯ የሚቆነጠጥ ነበረች። ዳቦ በወተት ስትጀምር ተቅማጥ ያዛት። ጥርስ ነው ተባለ። ጥርሱ በቅሎ አለቀ፣ ተቅማጡ አላለቀም። ሆዷ ተነፍቶ እግሯ እየቀጠነ ሄደ፤ ሰባት ዓመት ሲሞላት የአራት ዓመት ልጅ ነበር የምታክለው። አፏ ውስጥ ቁስል አይጠፋም። ትምህርት ቤት ስትሄድ ቦርሳው ከእሷ ይከብዳል፣ እናቷ እያዘለች ታደርሳት ነበር።

አእምሮዋ ግን እንደ ምላጭ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቄ ገብታ ዱቄት ከረጢት ላይ ትቀመጣለች። እኔ ደንበኛ ላይ ስጮህ «እማማ ዓለም፣ ዛሬም ምሳ አልበላሽም መሰለኝ» ትለኝና ደንበኛውም እኔም እንስቃለን። ወልጄ የማላውቀው ሴትዮ ልጅ ምን እንደሆነ የገባኝ በእሷ ነው። ስትሄድ ሁልጊዜ አንድ ብስኩት እጇ ላይ አደርግላታለሁ። ሁልጊዜ።

ያላደረግነው ነገር የለም። ጃርዲያ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት፤ አሜባ ነው ተባለ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ ይሆናል ተብሎ ወራት ሙሉ ክኒን ዋጠች። ዓይን ነው ያሉም ነበሩ፤ ሼሁ መጥተው ቁርኣን ቀሩባት። እኔ በበኩሌ በጓዳ ጠበል አመጣሁላት፣ ሉባባም «ከአላህ የመጣ ውሃ ምን ያደርጋታል» ብላ አጠጣቻት። ጠበሉም አላዳናት፣ ብቻውን ስላልሰጠኋት ይሆናል። ገብስ የእህል ንጉሥ ነው እያልኩ፣ ቆልቼ አስፈጭቼ፣ ዘወትር ጠዋት አንድ ብርጭቆ የገብስ አጥሚት በአጥሩ ላይ አቀብል ነበር። ልጅቷም እንዳይከፋኝ ብላ እስከ መጨረሻው ትጠጣዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያሽላት። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ መሰላ፣ አጎቷ ዓሊዩ ዘንድ ትሄዳለች። የዓሊዩ ቤት ድሃ ነው፤ ጠዋት መርቃ፣ ማታ የማሽላ ቂጣ ከወተት ጋር። መርቃ ማለት ገንፎ ነው፤ እነሱ የሚሠሩት ከማሽላ ነው፣ መሀሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤ ያፈሱበታል። ሁለት ወር ቆይታ ስትመለስ ልጅቷን አታውቋትም። ሆዷ ይሟሽሻል፣ ጉንጯ ይሞላል፣ ከመኪና ስትወርድ ራሷ እየሮጠች ትመጣለች። እኛም ዓይናችን እያየ «የመሰላ አየር ተስማማት» እንላለን። ሉባባ ደግሞ ትደነግጣለች፤ «ሁለት ወር ሙሉ ማሽላ ሲያበሏት ከርመው እንኳን ደህና መጣች!» ብላ በዚያው ቀን ነጭ ዳቦ ትጋግርላታለች። በመስከረም መጨረሻ ልጅቷ እንደገና አልጋ ላይ ናት።

ሦስት ክረምት እንዲህ አለፈ። ሦስት ጊዜ አይተን ሦስት ጊዜ አየሩን አመሰገንን።

በዘጠኝ ዓመቷ ክረምት ግን መሄድ አልቻለችም። ደም አንሷታል፣ ከሆስፒታል አትራቅ ተባለ። ሰኔ ላይ ዓሊዩ ሊጠይቃት መጣ፤ ትንሽ ከረጢት የማሽላ ዱቄት ይዞ ነበር። «አምና ስትለየን አምጣልኝ ብላኝ ነበር» አለ። ሉባባ ወንድሟን አመስግና ተቀበለችው፤ እሱ እንደሄደ ግን ተናደደች። «ልጄ ልትሞትብኝ ነው፣ እሱ ማሽላ ይዞ ይመጣል!» አለችና ለዶሮዎቿ በተነችው። እኔ አጥሩ ላይ ተደግፌ አይቻለሁ። አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ እንዲያውም እውነቷን ነው ብዬ ነበር።

ሹክሪያ ያን ሰሞን የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እማ፣ መርቃ ሥሪልኝ።»

«የታመመ ሰው ማሽላ ይበላል እንዴ የእኔ እናት? ሆድሽን ይቧጥጥሻል። ይቺን ለስላሳዋን ጉረሺልኝ» ትላታለች ሉባባ፣ የዳቦውን መሀል በወተትና በስኳር አርሳ።

«መርቃ ብበላ ይሻለኛል።»

«ስትድኚ መሰላ እወስድሻለሁ ኢንሻአላህ፣ እስክትጠግቢ ትበያለሽ። አሁን ለእኔ ብለሽ።»

ልጅቷ ታያታለች። ከዚያ «እሺ እማ» ትልና አፏን ትከፍታለች። ቁስሉ እያቃጠላት፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ፣ ለእናቷ ብላ ትውጣለች። ሐምሌ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ የሰላት ጥሪ ሲሰማ አረፈች። አንሶላዋን ስናጥፍ ትራሷ ስር ያልዋጠችው ቁራሽ ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘን። እናቷን ላለማስቀየም መደበቋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሉባባ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ለሹክሪያ ነፍስ ሰደቃ ታወጣለች። ሰደቃው ያኔ ዳቦ ነበር። ቁርኣን ቤት የሚማሩት ልጆች ሲለቀቁ በሯ ላይ ይሰለፋሉ፤ እሷ ትልቁን ዳቦ እየቆረሰች ታድላለች፣ እነሱም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። ዱቄቱን ከእኔ ነበር የምትገዛው። በዚያ ቀን ከሁሉ የነጣውን ይምረጡልኝ ትለኝ ነበር።

ሹክሪያ ከሞተች ከሦስት ዓመት በኋላ ታናሽ እህቷ ረዲያ ሰባት ዓመት ሞላት። አንድ ጠዋት ረዲያ በአጥሩ ስትንጠለጠል ልብሷ ከፍ አለና ሆዷን አየሁት። ተነፍቷል። ቀና ስል ሉባባም እያየች ነበር። እሷ የያዘችውን መጥበሻ አስቀምጣ መሬት ላይ ተቀመጠች።

በዚያው ሳምንት ሦስታችን አዲስ አበባ ሄድን። በክሪ መኪናውን ጥሎ መምጣት ስላልቻለ፣ እህቴም እዚያ ስለምትኖር እኔ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው። የረዲያ ደም ተወሰደ፣ ቱቦ በጉሮሮዋ ገባ፣ ከአንጀቷ ቅንጣት ቆርጠው መረመሩ። ውጤቱን የነገረችን ዶክተር ኑሃሚን የምትባል ልጅ እግር ሴት ናት። ሐኪም የያዘው ነፍስ ባያድርም ይውላል ይባላል፤ እኛ ግን ለመዋል አልነበረም የመጣነው።

«እናት፣ አይዞዎት፣ ትድናለች» አለች ዶክተሯ መጀመሪያ። «ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ አንድ ነገር አለ። ለእኛ ምግብ ነው። የረዲያ ሰውነት ግን እንደ ጠላት ያየዋል፤ እሱን ልምታ ብሎ ሲነሳ የሚመታው የራሱን አንጀት ነው። ጤነኛ አንጀት ውስጡ እንደ ፎጣ ፀጉራም ነው፣ ምግቡን መጥጦ የሚወስደው ያ ፀጉር ነው። የእሷ ተላጭቷል። የቱንም ያህል ብትበላ እየተራበች ነው ማለት ነው።»

«መድኃኒቱስ?» አለች ሉባባ።

«ክኒን የለውም። ስንዴና ገብስ ማቆም ነው፣ ዕድሜ ልኳን፣ ፍርፋሪም ሳይቀር። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ሁሉንም ትችላለች። ማሽላ ደግሞ እናንተ አገር ሞልቷል፣ አይደል?»

ዶክተሯ ፈገግ ብላ ነበር የተናገረችው፤ ልጅቷ ምን ታውቃለች። ሉባባ ግን ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማሽላ ብትበላ ይሻላታል?»

«በደንብ እንጂ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለውጡን ያዩታል።»

«ሆዷ ይሟሽሻል?»

«አዎ።»

«ትሮጣለች?»

ዶክተሯ ያኔ ነገሩ ሌላ መሆኑ ገባት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እናት፣ በሽታው በቤተሰብ ይሄዳል። እንዲህ የሆነ ሌላ ልጅ ነበረዎት?»

የመለስኩላት እኔ ነኝ። ስለ ክረምቱ፣ ስለ መሰላ፣ ስለ መርቃው ሁሉ ነገርኳት። «ሳልመረምራት ይህ ነው ማለት አልችልም» አለች ዶክተር ኑሃሚን፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ግን ይመስላል። እናንተ ልታውቁት አትችሉም ነበር። ሐኪሞችም ብዙ ጊዜ እንስተዋለን።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። የበሽታውን ስም ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችን፤ ከአዲስ አበባ ጭሮ ድረስ ሉባባ ወረቀቱን እንደጨበጠች ገባን። ረዲያ ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር። አዋሽ ላይ መኪናው ሲቆም አዟሪዎቹ በመስኮት ብስኩት ሲያሳዩን ሉባባ እጇን አወራጭታ ጮኸችባቸው፤ እነሱም ደንግጠው ሸሹ።

ቤት እንደገባች የሊጥ ማቡኪያውንም መጥበሻውንም አወጣችና ለሚፈልግ ሰጠች። ዱቄት በቤቷ እንዳይቦን የሃያ ዓመት ሥራዋን በአንድ ቀን ተወች፤ አሁን የምትሸጠው ድንች ጥብስና የተቆላ ለውዝ ነው። ረዲያ እንደተባለውም ዳነች። በስድስት ሳምንት ሆዷ ሟሸሸ፣ ጉንጯ ሞላ። ሰው ሁሉ አልሐምዱሊላህ አለ። ነገር ግን ረዲያ በወፈረች ቁጥር ሉባባ ከሳች። የልጇ መዳን በየቀኑ አንድ ነገር ይነግራታል፤ ሹክሪያን ለማዳን የሚያስፈልገው ይህቺ ማሽላ ብቻ ነበረች፣ ደጇ ላይ የነበረች፣ ለዶሮ የበተነቻት።

ምግብ ተወች። ሐሙስ ደርሶ የቁርኣን ቤት ልጆች በሯ ላይ ቢሰለፉ አልወጣችም። ሁለተኛው ሐሙስም እንዲሁ። በሦስተኛው እኔ፣ ነገር የማይገባኝ ሴትዮ፣ የልጅቷ ሰደቃ አይቋረጥ ብዬ ከዳቦ ቤት ዳቦ ገዝቼ «ለሹክሪያ ነፍስ» እያልኩ በሯ ላይ ማደል ጀመርኩ።

ሉባባ ከቤት እንዴት እንደወጣች አላየሁም። ዳቦውን ከእጄ ነጠቀችኝ። «በስሟ አትስጪ!» አለችኝ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አንዴ «አንቺ» ብላኝ የማታውቅ ሴት። «ይሄ ነው የገደላት! በእጄ ነው ያጎረስኳት! እሺ እማ እያለችኝ፣ ያ ረቢ፣ እሺ እማ እያለችኝ!» ልጆቹ ተበተኑ። እሷ ደጃፉ ላይ ተዘረጋች፣ እኔም አጠገቧ ወደቅሁ።

ላጽናናት አልፈለግሁም። ማጽናኛም አልነበረኝም። «ዱቄቱን የሸጥኩልሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «ገብሱን ቆልቼ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ብስኩቱን በየቀኑ እጇ ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማሽላውን ስትበትኚ ቆሜ አይቻለሁ። ብቻሽን አትውሰጂው፣ ሉባባ፤ ለእኔም ድርሻዬን ተይልኝ።» ለቀስተኛ እንደሌለው ቤት ተቃቅፈን አለቀስን። ረዲያ መጥታ መሀላችን ገባች፣ የሁለታችንንም ፊት በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

በማግስቱ ሉባባ መሰላ ሄደች። ወንድሟ ምን እንዳላት፣ እሷ ምን እንዳለችው አልጠየቅኋትም። ስትመለስ አንድ ከረጢት የማሽላ ዱቄት ይዛ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በሯ ላይ ትልቅ ሳህን አወጣች። መርቃ ነው፤ መሀሉ ላይ ቅቤው ተንጣሏል። የቁርኣን ቤት ልጆች ከሩቅ ቆመው ተያዩ፤ ባለፈው ያዩትን አልረሱም። ከመካከላቸው አንዷ ደፈር ብላ ቀረበችና ሳህኑን አየች። «ሰደቃው ዛሬ ማሽላ ነው እንዴ? ዳቦውስ?» አለች።

ሉባባ ልጅቷን አጠገቧ አስቀመጠቻት። ከመርቃው ቆርሳ ቅቤው ላይ ነከረችና አጎረሰቻት።

«ዳቦው የእኔ ነበር» አለቻት። «ሹክሪያ የለመነችኝ ይሄንን ነው።»